ወለሉ ሥር ያለቀው ቱቦ

ያኔ ጁባ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሰው ቢኖር በዚያው ቀን ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን እስኪመሽ ያውቀኛል። ካስተም ገበያ፣ ከኡጋንዳ የመጡ ከባድ መኪኖች ጭነታቸውን ከሚያራግፉበት ፊት ለፊት፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረኝ። ሱቁ ከመጥበቡ የተነሳ ደንበኛ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ ሁለት ደንበኛ ከመጣ አንዱ ነገ እንዲመለስ እለምነዋለሁ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተወልጄ ከወተት በፊት ግሪስ የቀመስኩ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ አርባዎቹን ሊጨርስ ተቃርቦ ነበር፤ ሆዴም ከእኔ ቀድሞ ቦታው ይደርስ ነበር። ስሜ ኑረዲን ነው። ሐበሻው ጋሽ ኑሬ ይለኛል፤ የአገሩ ሰው ደግሞ «ሐበሺ ታ ዲሂክ» ይለኝ ነበር፤ የሳቁ ሐበሻ እንደማለት ነው።

ሳቅ የመኖሪያ ፈቃዴ ነበር። መንገድ ላይ ስቆም ፓስፖርት ከማውጣቴ በፊት ቀልድ አወጣለሁ። የተናደደ ፖሊስ፣ የሰከረ ደንበኛ፣ ግብር ልጠይቅ ብሎ የመጣ ሹም፣ ሁሉንም በሳቅ ነው የሸኘሁት። ስሜቱ ደስ ስለሚል ብቻ አልነበረም። የሳቀ ሰው በዚያች ሰዓት ክፉ ሊሠራ አይችልም ብዬ በሙሉ ልቤ አምን ነበር። ላወራችሁ የተነሳሁት ይህን እምነት ስለወሰደችብኝ ቀን ነው።

«ጁባ ና ባሪ» በሚባል ሰፈር አንድ ግቢ ተከራይተን እኔ በፊት ለፊቱ ቤት፣ ጋትዌች በጓሮው ክፍል እንኖር ነበር። ጋትዌች ኑዌር ነው። ያደገው ግን ጋምቤላ ኢታንግ ስለሆነ ከእኔ የተሻለ አማርኛ ይናገራል። የአንድ የእርዳታ ድርጅት ሾፌርም መካኒክም ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹ ጋምቤላ ናቸው። ቁመቱ በእኔ ሜትር አራት ሜትር ይሆናል። ግንባሩ ላይ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ በወጣትነቱ በምላጭ የተሰመሩ ስድስት መስመሮች አሉት፤ የወገኑ የወንድነት ምልክት።

«ጋትዌች፣ ይሄን ሁሉ መስመር ያሰመሩብህ ምን ሊጽፉበት ነው?» እለዋለሁ።

«የአንተን ውሸት ሊጽፉበት ነበር፤ ጋሽ ኑሬ። ስድስት መስመር እንደማይበቃ ሲያውቁ ተዉት።»

እንዲህ ነበር የምንኖረው።

እኔ አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ነበረችኝ። ሞተሯ ናፍጣ ነው፤ ዕድሜዋ ከደቡብ ሱዳን የነፃነት ትግል ሊበልጥ ይችላል። ዳገት ላይ ጭነት የያዘ አህያ ቀድሞኝ ሲያልፍ ባለቤቱ ዞር ብሎ በአዘኔታ ያየኝን ቀን አልረሳም። በዚያን ሰሞን ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተፈታ ተርቦ እጄ ገባ። ለማታውቁት፣ ተርቦ ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በከንቱ ሰማይ ከሚሄድ በዚያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ማራገቢያ ያዞራል፤ ማራገቢያው በተራው አየር በግድ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። ሽማግሌ ሞተር ጎረምሳ ይሆናል። ችግሩ፣ ለእኔ መኪና ተብሎ የተሠራ ቱቦ የለም። ጭሱን ከሞተሩ ወደ ተርቦው፣ ከተርቦው ደግሞ ወደ ውጭ የሚወስደውን ቱቦ ራሳችን መሥራት ነበረብን።

«ጋራዥ እንውሰዳት» አልኩት።

«ጋራዥ ምን አለ እዚህ የሌለ?» አለ ጋትዌች፤ ግቢውን በእጁ እያሳየ። አንድ ጄኔሬተር፣ የተከራየነው መበየጃ፣ አንድ ብረት መቁረጫ ግራይንደር፣ አንድ የኒም ዛፍ ጥላ። ልክ ነበር።

እሁድ እሁድ ሠራን። ጋትዌች መጀመሪያ ወፍራም ሽቦ ወስዶ በሞተሩና በመሪው ዘንግ መካከል አጣጥፎ አሳለፈው፤ ቱቦው የሚሄድበትን መንገድ በሽቦ መሳሉ ነው። ከዚያ ቀጥ ያለውን የብረት ቱቦ አንዱ ጎኑ ሰፊ፣ አንዱ ጎኑ ጠባብ አድርገን በሰያፍ ቆራረጥነው። ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ ቱቦው ቀስ እያለ ይታጠፋል። እያንዳንዱን ቁራጭ በነጥብ በነጥብ ብየዳ ብቻ አያይዘን መኪናዋ ላይ እንሞክራለን። ካልገጠመ እንሰብራለን፤ ከገጠመ ዙሪያውን እንበይዳለን። እኔ በይጄ የጨረስኩትን ስፌት ጋትዌች ጎንበስ ብሎ ያየውና፣

«ይሄ ምንድን ነው?» ይለኛል።

«ብየዳ።»

«የዶሮ ኩስ መስሎኝ።»

እሳት እንዳይነሳ የወለሉን ምንጣፍ በሙሉ ገሽልጠን ጣልነው። አሮጌውን ማርሚታ፣ የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነውን፣ ነቅለን አጥሩ ሥር ወረወርነው። ወለሉ ባዶ ብረት ሆነ፤ እዚህም እዚያም ዝገት የበሳው ቀዳዳ አለው። የመጨረሻዋ እሁድ ላይ፣ በፈረንጆቹ 2013 ታኅሣሥ ወር ነው፣ ከተርቦው የሚወርደውን ቱቦ ጨርሰን ከፊት ወንበሮች ኋላ፣ ወለሉ ሥር አደረስነው። እዚያ አለቀ። ቱቦም አለቀ፣ የመበየጃው ኤሌክትሮድም አለቀ። ከዚያ ወደ ኋላ ያለውን በሚቀጥለው እሁድ እንጨርሳለን ተባባልን።

ሞተሩን ስናስነሳ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ተርቦው ያፏጫል፣ ቱቦው ያገሳል፤ ግማሽ አንበሳ ግማሽ ማንቆርቆሪያ። እኔ እጨፍራለሁ። ጋትዌች ግን ዓይኑን ከዳሽቦርዱ አልነቀለም። የባትሪው ቀይ መብራት በርቶ ቀርቷል።

«ጋሽ ኑሬ፣ ስንበይድ የባትሪውን ገመድ ፈተኸው ነበር?»

«አንተ የፈታኸው መስሎኝ።»

«እኔም አንተ የፈታኸው መስሎኝ።»

ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ተቃጥሏል። የብየዳው ኮረንቲ በእሱ በኩል ሄዶ ጨርሶታል። ከዚህ በኋላ ባትሪው ያለውን ይሰጣል እንጂ ምንም አይቀበልም። ሳቅንበት። ሱቄ ውስጥ አሮጌ ዲናሞ ስለነበር ሰኞ አመጣለሁ አልኩ።

ሰኞ አልመጣም። እሁድ ማታ ተኩስ ተጀመረ።

ስለዚያ ተኩስ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምነግራችሁ ከግቢያችን የሰማሁትን ነው። መጀመሪያ ርችት መሰለኝ። ሲነጋ መሬቱ ራሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሩን ቆልፈን፣ ሁለታችንም እኔ ቤት ወለል ላይ ተኝተን፣ ከመኪናዋ ባትሪ በገመድ ስልክ እየሞላን፣ በመኪናዋ ሬዲዮ ወሬ እያዳመጥን ዋልን፣ አደርን፣ ደግመን ዋልን። ባትሪው እየደከመ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ወሬ ግን እንደ ውሃ ጠምቶን ነበር። ጋትዌች ሌላ ሰፈር ላለው ለአጎቱ ልጅ ደጋግሞ ደወለለት። በመጨረሻ ስልኩ ተነሳ። ያነሳው ሌላ ሰው ነበር። ጋትዌች አዳመጠ፤ ከዚያ ስልኩን ዘግቶ ወለሉ ላይ በፊቱ ደፋው።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ስልኩን ባለቤቱ ከእንግዲህ አይፈልገውም አለኝ።»

ሄጄ የመኪናዋን ሬዲዮ ዘጋሁት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የግቢው ባለቤት፣ ማማ ጁዋን፣ የባሪ ጎሳ ሴትዮ ናት፣ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። ወታደሮች ከማዶ ያለውን መንገድ ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው አለችኝ። «ኑዌር ለማግኘት ግንባር እያዩ ነው» አለች።

የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ግቢ ኤርፖርቱ አጠገብ ነው። የገባ እንደሚተርፍ በሬዲዮ ሰምተናል። ሩቅ አይደለም፤ በደህና ቀን ሲጋራ አጭሰህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ።

«በእግሬ እሄዳለሁ» አለ ጋትዌች።

«በአራት ሜትር ቁመት?»

«ታዲያ በምን?»

ሁለታችንም መኪናዋን አየናት።

ጋትዌች እሷ ሥር ገብቶ በእጁ ቱቦውን ዳሰሰና ወጥቶ ቁጭ አለ። መካኒክ ስለሆነ ስለ ራሱ ሞት ሳይቀር እንደ ብልሽት ነው የሚያወራው። «እኔ የምተኛበት ቦታ ከወንበሩ ኋላ ወለሉ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ አያሳልፈኝም። ቱቦው የሚያልቀው ደግሞ እዚያው ሥር ነው። እሳቱ ወለሉን ይመታዋል። መኪናዋ እስከሄደች ድረስ ከሥር ነፋስ አለ፤ እችለዋለሁ። ከቆመች ግን ነፋስ የለም።»

«ከቆምን ሞተሩን አጠፋለኋ።»

«ባትሪው አንድ ጊዜ ካስነሳ ትልቅ ነገር ነው። ካጠፋሃት አትነሳም። ወታደሮች ሊገፏት ይመጣሉ፤ ለመግፋት ጭነቱን ያወርዳሉ።»

«ስለዚህ አልቆምም።»

«አትቁም» አለ። «ከቆምክ ደግሞ አታውራ። አንተ ስታወራ ሰው አይለቅህም።»

ጆንያ በውሃ ነክረን ወለሉ ላይ ደራርበን አነጠፍን። ጋትዌች ሦስት ቦታ ታጥፎ ተኛ። ሸራ አለበስኩት፤ በሸራው ላይ የፍሬን ሸራና የዘይት ፊልተር ካርቶኖች ደረደርኩ። የሱቅ ዕቃ የማሸሽ ነጋዴ መስዬ ልሄድ ነው። ካርቶን ስደረድር በሸራው ሥር፣

«ጋሽ ኑሬ» አለኝ።

«አቤት።»

«ከባዱን እግሬ ላይ አታድርገው።»

ማስነሻው ሞተሪኖ እንደ አስም በሽተኛ ሁለት ጊዜ አቃሰተና ሞተሩ ተነሳ። ያ እሁድ ዕለት ያስጨፈረኝ ድምፅ አሁን ጠላቴ ሆነ። ጁባ በሙሉ ዝም ብላለች፤ የእኔ መኪና ብቻ ታገሳለች። ከሞት የተደበቀ ሰው ጭኜ ከተማውን በሙሉ እየቀሰቀስኩ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ያየሁትን ብዙውን አልጽፍም። አንድ ጫማ አየሁ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ሁለተኛውን። በመካከላቸው ያለውን ላለማየት መሪውን እያየሁ ነዳሁ።

የወታደሮች ኬላ ከአንድ መታጠፊያ በኋላ ነበር፤ ቀድሜ ባየው ኖሮ ሌላ መንገድ እፈልግ ነበር። በርሜልና የወንበር ስብርባሪ መንገዱ ላይ ደርድረዋል። ዛፍ ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ አንድ አዛዥ ተቀምጦ ብስኩት ይበላል። መነጽሩን አንገትጌው ላይ ሰክቷል፤ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ ነው። ሌሎቹ ጠብመንጃቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ቆምኩ።

ንግግሩ በጁባ ዓረብኛ ነበር። «ኢታ ጌ ሩዋ ዌን?» አለ አዛዡ፤ ወዴት ትሄዳለህ ነው። የቀረውን ወደ አማርኛ መልሼ ልንገራችሁ።

«ዕቃዬን ኤርፖርት አካባቢ ወዳጅ ቤት ላስቀምጥ ነው፣ አለቃ።»

«ይሄ ድምፅ ምንድን ነው? ታንክ የመጣ መስሎን ልንመታህ ነበር።»

ጋትዌች አታውራ ብሎኛል። እውነት አላወራም ነበር። ግን አንዱ ወታደር ወደ ኋላው በር መሄድ ጀመረ፤ አፌ ከእኔ ፈቃድ ሳይጠይቅ ተከፈተ።

«ታንክ አይደለችም አለቃ፤ ጉንፋን ይዟት ነው። ፉጨቱን ሰማችሁት? ወታደር ስታይ ነው የምታፏጨው። ስንት ጊዜ መከርኳት፣ አርጅተሻል አርፈሽ ተቀመጪ ብዬ።»

አዛዡ ብስኩቱን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ሳቀ። ሌሎቹ እሱን አይተው ሳቁ። ወደ ኋላ የሄደው ወታደር በሩን ከፍቶ ካርቶኖቹን እያየ፣ እሱም ፈገግ አለ። በጠብመንጃው አፈሙዝ አንዱን ካርቶን ገፋ አደረገው።

«አንተን አውቅሃለሁ» አለ አዛዡ። «ካስተም ያለኸው ሐበሻ ነህ። የሳቁ።»

«እኔ ነኝ።»

«ና፣ አንድ ንገረን። ሰሞኑን ምንም የሚያስቅ ነገር አላየንም።» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ወደ መስኮቴ ሲመጣ የቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ ጠቁሮ መድረቁን አየሁ። ግሪስ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዕድሜዬን በሙሉ ግሪስ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግሪስ አልነበረም።

ተረከዜ ሥር ያለው ብረት እየሞቀ ነው። እኔ ጋ እንዲህ ከሞቀ እዚያ ኋላ እንዴት ሊሆን እንደሚችል አሰብኩና ማሰቤን አቆምኩ። ቶሎ አጭር ነገር ነግሬ ልለፍ አልኩ።

«ሁለት ደንበኞች ሱቄ መጡ» አልኩ። «አንዱ መኪናዬ አልቆም አለች አለ። አንዱ የእኔ ደግሞ አልሄድ አለች አለ። ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራላችሁ፣ በገመድ ተሳሰሩና ሂዱ አልኳቸው። ገመዱንም እኔ ሸጥኩላቸው።»

በሳቅ ፈነዱ። አንዱ ጭኑን መታ። እኔ ማርሽ አስገባሁ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አዛዡ እጁን በሩ ላይ አድርጎ። «በደንብ አልሰማሁትም። ሞተሩን አጥፋው።»

በዚያች ቅጽበት ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ካጠፋሁት ከሥር ያለው እሳት ይቆማል፤ ጋትዌች ይተነፍሳል። ካጠፋሁት አትነሳም፤ ካርቶኖቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። እጄ ቁልፉ ላይ ነው። ቁልፉን ያን ያህል በደንብ አይቼው አላውቅም፤ ጥርሱን ሁሉ ልቆጥር እችል ነበር።

«ካጠፋኋት እናንተ ናችሁ እስከ ኤርፖርት የምትገፏት» አልኩ። እውነቱን ነው የነገርኳቸው፤ እንደ ቀልድ ሳቁበት።

ኋላ የነበረው ወታደር አፍንጫውን ነፋ። «ምንድን ነው የሚሸተው? የሚቃጠል ነገር አለ።»

ጆንያው ውሃውን ጨርሷል ማለት ነው። ከሸራው ሥር በቀጭኑ ጭስ ሲወጣ በመስታወት አየሁ።

«ምሳዬ ነው» አልኩ። «ሚስቴ አገር ቤት ናት። ይቺ ናት የምታበስልልኝ።»

ይህንን የተናገረው አፌ ነው፤ እስከ ዛሬ የእኔ አይመስለኝም። እነሱ ግን ተንከተከቱ። አዛዡ ጭንቅላቱን በመስኮቱ አስገብቶ፣ ብስኩት ብስኩት እየሸተተ፣ «አንድ ብቻ፣ የመጨረሻ፤ ከዚያ ትሄዳለህ» አለኝ። የጠየቀኝ እንደ ልጅ ነበር። ዓይኑ ሲያምር አስታውሳለሁ።

የመጨረሻውን ነገርኩት። ሞተሩ ስለሚጮህ በሙሉ ድምፄ፣ ጆሮው ላይ እየጮህኩ ነገርኩት። ከቀደሙት ይረዝማል፤ በአጭሩ ልነግረው ሞከርኩ፤ ቀልድ ደግሞ በመሃል ሲቆረጥ እንደሚሞት ከማንም በላይ የማውቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሙሉውን፣ እረፍቱን ሳይቀር ጠብቄ ነገርኩት። መጨረሻው ላይ ስደርስ አዛዡ ድምፅ ሳያወጣ ጎንበስ አለ። እንባው ወረደ። በዚያ በደረቀው እጅጌ ዓይኑን ጠረገ፤ የመኪናዬን በር በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታና «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ልቀቁት» አለ።

የኋላውን በር ዘግተው በርሜሎቹን አነሱልኝ። እየሳቁ እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እኔም አውለበለብኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም። «ጋትዌች» እላለሁ፤ መልስ የለም። ልቁም ብል ወታደሮች በየመንገዱ አሉ። «ጋትዌች፣ አንተ ረጅም፣ መልስልኝ» እላለሁ፤ ሞተሩ ብቻ ነው የሚመልሰው። የሰላም አስከባሪዎቹ ግቢ በር ላይ ፍራሽና ልጅ የተሸከመ ሕዝብ ይጋፋል። እዚያው መሃል ገብቼ ቆምኩና ካርቶኖቹን መሬት ላይ ወረወርኩ። ሸራውን ገለጥኩ።

ጆንያው ጠርዙ ከሰል ሆኗል። ጋትዌች እጅጌውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ተኮራምቷል። የግራ ትከሻውና ጎኑ ላይ ሸሚዙና ቆዳው የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ሞቷል ብዬ ያለኝን ውሃ በሙሉ ፊቱ ላይ ደፋሁ። ሳለ። ከዚያ ጥቁር ነገር አስታወከ። ሁለት ወታደሮች፣ ሰማያዊ ቆብ ያደረጉ፣ በሸራው እንዳለ አንስተው ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ። እግሩ ከሸራው ወጥቶ መሬት ይጎትት ነበር።

ስዞር ሞተሩ ጠፍቷል። መቼ እንደጠፋ አልሰማሁም። መኪናዋን እዚያው ትቼ በእግሬ ተመለስኩ፤ ኬላው ጋ ስደርስ በሌላ በኩል ዞርኩ።

አየሩ ትንሽ ረገብ ሲል፣ ሳምንታት አልፈው፣ ስኳርና ሳሙና ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ሸራ ቤት ውስጥ፣ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ አገኘሁት። ከስቷል፤ ቁመቱ ግን አልቀነሰም፤ እግሩ ከሸራው ውጭ ነው የሚያድረው።

«ቱቦውን ጨረስከው?» አለኝ መጀመሪያ።

«አልነካሁትም።»

«ጨርሰው። ማርሚታውን መልሰህ ግጠምለት። ብየዳውን ግን ሌላ ሰው ይበይደው።»

ትንሽ ሳቅን። ውጭ ልጆች በቆርቆሮ ክዳን ይጫወታሉ።

«ያን የመጨረሻውን ቀልድ ሰምቼዋለሁ» አለ።

«በዚያ ሁሉ ጩኸት?»

«አንተ ነህ የምትጮኸው። ጆሮዬ ደግሞ አልተቃጠለም።» ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ። «ሳቅኩ፤ ጋሽ ኑሬ።»

ጥሩ ነዋ፣ ልለው አሰብኩ።

«መጀመሪያ እጅጌዬን የነከስኩት ሲያቃጥለኝ እንዳልጮህ ነበር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ሳቄ መጣ። ሳቄን ነው የነከስኩት። እነሱም በዚያው ሰዓት ሳቁ። በዚያችው ቃል ላይ።» አሁን ዞሮ አየኝ። «የአጎቴን ልጅ ስልክ ያነሳው ሰው ከእነሱ አንዱ ቢሆንስ? ሳልፈልግ አብሬው ሳቅኩ። እኩል።»

«ሰው በሳቁ ላይ አያዝም፣ ጋትዌች።»

«አውቃለሁ። ቁስሉ ይድናል ብለውኛል። ይሄኛው ነው የማይለቀኝ።» ቆይቶ፣ «እሱን ቀልድ ለማንም እንዳትናገረው» አለኝ።

«አልናገረውም።»

«ማል አልልህም። አንተ ስትምል ይብሳል።»

ይኸው ነው የጠየቀኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። በኋላ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ልጆቹ ሄደ። ግራ እጁን ከትከሻው በላይ አያነሳም። እንደዋወላለን፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሞተር እናወራለን።

እኔ ጁባ ቀረሁ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ገበያው እንደገና ሲከፈት፣ አዛዡ ሱቄ መጣ። ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። የፍሬን ሸራ አልፈለገም። «የሳቁ ሐበሻ፣ ያን የዚያን ቀኑን ንገራቸው» አለኝ። ረስቼዋለሁ አልኩት። ከፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፤ ብቻ ተወኝና ራሱ ነገራቸው። መሃሉን አበላሸው፣ እረፍቱን ዘለለው፣ መጨረሻውን ቀድሞ ተናገረው። እንደዚያም ሆኖ ሦስቱም ተንከተከቱ። ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አለኝ፤ ከልቡ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ሳቅ ሰውን የሚመረምር መሣሪያ ይመስለኝ ነበር። የሳቀልኝን ሁሉ ደህና ሰው ብዬ ነበር የማሳልፈው። አሁንም አስቃለሁ፤ ሆዴም አሁንም ይቀድመኛል፤ ሥራዬ ነውና አልተውኩትም። ግን ሰው ፊቴ ሲስቅ መጀመሪያ የማየው እጅጌውን ሆኗል። የምወዳቸውን ሰዎች ሳይቀር። ይህ ጥሩ ልማድ አይደለም፤ ልተወው ሞክሬ አልሆነልኝም። ጋትዌች ደግሞ የባሰ ነገር ነው የተሸከመው። እኔ የእነሱን ሳቅ ነው የፈራሁት፤ እሱ የራሱን።

ያ ቀልድ ዛሬም ይዞራል። ባለፈው ካምፓላ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሾፌር እንደ አዲስ ነገረኝ። ስለ መኪና ነው፤ ጥሩ ቀልድ ነው፤ ስደክምበት የኖርኩት ነው። ሾፌሩ ጨርሶ አፍ አፌን ሲያየኝ ምን ላድርግ፣ ጥርሴን አሳየሁት። እናንተም አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ ትሰሙት ይሆናል። ብትስቁ አልፈርድባችሁም። ብቻ ከእኔ አልሰማችሁትም።